ጀልባ ያልተጻፈበት መመሪያ

እኔ ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ስነዳ ከልቤ ያደነቅኳቸው ሰዎች ቢቆጠሩ የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም፤ ከእነሱም ሁለቱ መካኒኮች ናቸው። ስለ ሐጀራ የማወራውም ወድጄ አይደለም። ተጣልቻት ነበር። የተጣሉትን ሰው ማድነቅ ጉሮሮ ላይ እንዴት እንደሚቀረቀር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሐጀራ ቃሊቲ፣ ከማረሚያ ቤቱ መታጠፊያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከነዳጅ ማደያው አጥር ሥር ሱቅ አላት። ውሃ፣ ብስኩት፣ የስልክ ካርድ፣ ለእስረኛ ጠያቂ ደግሞ ሳሙናና ፌስታል ትሸጣለች። የስልጤ ሴት ናት፤ አጠር ያለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የምታስር። የናፍጣ ወረፋ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን መፍጀት ሲጀምር የመኪናውን ተራ የሚጽፍ ሰው አስፈለገን። ሾፌር ቢይዘው ለጓደኛው ያደላል። ደላላ ቢይዘው ይሸጠዋል፤ ሸጦትም ነበር። ፖሊሱ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። በመጨረሻ መኪና የሌላት፣ ከዚያ ቦታም የማትጠፋ፣ እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተን ሰጠናት።

ደብተሩ ሕግ አለው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ሦስቴ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ይሰረዝና ከመጨረሻ ይጀምራል። ሞተሩ፣ ማለትም ጎታቹ መኪና፣ ከተሳቢው ጋር አንድ ተራ ነው፤ የሁለቱም ሰሌዳ በአንድ መስመር ላይ ይጻፋል። ተራ አይሸጥም፣ አይሰጥምም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። አንዱ ሦስተኛ ተራውን ለአማቹ «ሰጠሁት» ብሎ ሲያሳልፍ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ፣ ዛሬ የሰጠ ነገ ይሸጣል ብዬ ሰውን ሁሉ አሳምኜ ነው።

ከሐጀራ ጋር የተጣላነው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽሮ ስበላ የከረምኩት ሰውዬ ሳሪስ ድረስ ሄጄ ጥሬ ሥጋ ፊት ቁጭ አልኩ። ስመለስ የስድስት ሰዓቱ ጥሪ አልፏል። ሁለተኛ ነበርኩ። ሐጀራ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ ይዛ፣ ቀጥ አድርጋ ሰርዛዋለች።

«አሥር ደቂቃ እኮ ናት!» አልኳት።

«አሥራ ሁለት ናት» አለችኝ ሰዓቷን አይታ። «ሠላሳ ዘጠነኛ ነህ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ ስታዳላ እጅ ከፍንጅ መያዝ። የአገሯ ልጅ የሆነ ሾፌር በመጣ ቁጥር ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም ነበር። ዘመድ አላት፣ ወዳጅ አላት፣ ሰው ናት፤ አንድ ቀን ታደርገዋለች። ያን ቀን ደብተሩን ይዤ ለወረፋው ሁሉ አሳያለሁ እያልኩ እጠብቃት ነበር።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ አዋሽ ሞልቶ ታች ያለውን ሜዳ ዋጠው። ወዲያው ጊዜያዊ የጭነትና የነዳጅ መመሪያ ወጣ፤ ነዳጅ ቀጂው አቢ ማደያው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ዕርዳታ የጫነ መኪና ያለ ወረፋ ይቀዳል፤ በቀንም ከተማ ውስጥ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ሌላው በሰሌዳ አርባ ሊትር ብቻ። ከሚመጣው ናፍጣ ለወረፋው ሺህ ሊትር ይለቀቅና ቀሪው ለዕርዳታ መኪኖች ይጠበቃል። በጀሪካን መቅዳት፣ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው በቱቦ መሳብ መኪና ያስወርሳል። ተሳቢ ጎርፍ በነካቸው ድልድዮች ላይ አያልፍም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዕርዳታ ማለት ምን እንደሆነ ተዘርዝሯል፤ እህል፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳንና መድኃኒት።

ሾፌር መመሪያ ሲያነብ ቀዳዳ እየፈለገ ነው። እኛም በመጀመሪያው ቀን አገኘነው። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ አለው። ሞተር የለው፣ ታንከር የለው፣ ናፍጣ አይጠጣ፤ ሰሌዳ ግን አለው። አቢ የተሳቢውን ሰሌዳ ስልኩ ላይ ሲያስገባ ሲስተሙ ሳያቅማማ «አርባ ሊትር ተፈቅዷል» ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ተሳቢ በገዛ እግሩ የሚሄድ መስሎት መሆን አለበት። ተሳቢ ያለን ሰዎች ሰማንያ ሊትር እየቀዳን አፋችንን ዘጋን። ሐጀራ ስትሰማ «የእኔ ደብተር የተራ ነው፣ የሊትር አይደለም» ብላ ነገሩን ተወችው።

እሑድ ጠዋት እንደገና ተሰልፌ አንደኛ ደርሼ ነበር። ናፍጣ የሚያመጣው ቦቴ አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጠብቀኝ ጭነት አለ፤ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘሁ ለሌላ ይሰጣል። ከመኪናዬ ወርጄ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ ከሐጀራ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ዘብ ሆኛለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ሱፍያን መጣ። ሱፍያን የአይሱዙ ሾፌር ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ እሱም የስልጤ ልጅ። መኪናው ላይ የጫነው ግን ጀልባ ነበር። አቃቂ ያሉ ብረት ሠራተኞች፣ ዘመዶቻቸው ታች ሜዳው ላይ የተከበቡባቸው፣ ሁለት ሌሊትና ሁለት ቀን ሳያርፉ በላሜራ የበየዷት ሰባት ሜትር ጀልባ። ቀዩ የዝገት መከላከያ ቀለም ገና አልደረቀም። ሞተሯን ከቢሾፍቱ ተውሰው፣ ቤንዚኗን እዚያው አስፈቅደው ሞልተዋል። ቃሊቲ ውስጥ ጀልባ አይቼ አላውቅም። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ እስረኛ ጠያቂዎች ቆመው አዩ። ከገላን ኮንዶሚኒየም የሚመጣ ታክሲ ፍጥነቱን ቀነሰና ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ካፒቴን! ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሱፍያን አልሳቀም። ከመኪናው ወርዶ ወደ እኛ መጣ።

«ወንድሞቼ፣ ታች ሜዳው ላይ ያለው ጤና ጣቢያ በውሃ ተከቧል» አለ። «ሠላሳ አንድ ሰው ውስጥ አለ። ሁለቱ አራሶች ናቸው። ትናንት ደጋው ላይ የዘነበው ዛሬ ማታ እዚያ ይደርሳል ብለዋል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካላወጣናቸው…» የቀረውን አልተናገረም። «መንገዱ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ያለኝን ናፍጣ የጀልባዋን ሞተር ላመጣ ቢሾፍቱ ደርሼ ስመለስ ጨረስኩት።»

አቢ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝር በጣቱ እየነካ ወረደ። እህል፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ መድኃኒት። እንደገና ከላይ ጀመረ። ጀልባ የለም። ተረኛ ኃላፊው ጋ ደወለ፤ ስልኩን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ጀልባ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለ ሰውየው። «ሰኞ በደብዳቤ ይጠይቁ።»

የጎርፍ መመሪያ ነው እንግዲህ፤ ጀልባ የለበትም። ደጋ ላይ ተቀምጦ ስለ ጎርፍ የሚያስብ ሰው የሚታየው ብርድ ልብስ ነው! ፖሊሱ እዚያው ቆሟል፣ የማደያው ተቆጣጣሪም አለ፤ አቢ ቢፈልግ እንኳ አንድ ሊትር ማሾለክ አይችልም። ዕርዳታ የጫኑት መኪኖችም ማለዳ ቀድተው ሄደዋል፤ ጀልባዋን ጫኑልን የሚባል ሰው የለም።

ሱፍያን ወደ ሐጀራ ዞረና በስልጥኛ አንድ ሁለት ነገር ተናገረ። ጆሮዬን አቆምኩ። መጣች፣ አልኩ በሆዴ፤ ዛሬ ያዝኩሽ። እሷ ግን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ መለሰችለት።

«አርባ ሰባት ነህ። ሰሌዳህን ንገረኝ።»

«እትዬ ሐጀራ! በአላህ…»

«ሰሌዳህን።»

አንዱ ሾፌር ከኋላ «ሁለት ኩንታል ዱቄት ይጫንበትና ዕርዳታ ይባል» አለ። ሐጀራ ቀና እንኳ አላለችም።

«ትናንት ሁለት ኩንታል ዱቄት ጣል አድርጎ ዕርዳታ ነኝ ያለውን የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ እሱን ባሳልፍ ትናንት የመለስኩት ሰው ምን በደለኝ?»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ያጠመድኩት ወጥመድ ባዶ ቀረ። ከዚያ ደግሞ በሷ ተናደድኩ። ስታዳላ ልይዛት ስጠብቅ የኖርኩት ሰው፣ ባለማዳላቷ ተናደድኩ! «ድንጋይ ናት እኮ» አልኩ፣ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰማችኝ። ሰሌዳውን ጻፈች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸና ወደ ሱቁ ውስጥ ገባች። በስልጥኛ ስታወራ ከሁሉም የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ ሒክማ። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። ሐጀራ ስትጽፍ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ከመስመር አትወጣም። አርባ ሰባተኛው መስመር ግን ተንጋዶ ወርዶ፣ የሱፍያን ሰሌዳ ታች ያለውን መስመር ረግጦ ነበር።

አቢ ውሃ ሊገዛ መጣ። «ምን ሆናለች?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አልሰማህም እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ልጇ ናት። ሒክማ። ሌላ ልጅ የላትም።»

አፈርኩ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ድንጋይ ያልኳት ሴት እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ ልጇን የሚያወጣውን ጀልባ በገዛ እጇ አርባ ሰባተኛ አድርጋ ጽፋ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ቆማለች። ሳጥኑ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ገባሁ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእኛ ነዋ!»

«ብናገር ታሳልፉት ነበር» አለች።

«ታዲያስ?»

«ታዲያ ነገ ልጁ የታመመበት ይመጣል። ከነገ ወዲያ እናቱ የሞተችበት። ሁሉም እውነቱን ነው የሚያለቅሰው። እኔ የማንን እንባ ከማን አስበልጬ ልጻፍ?» ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ድምጿ ግን እንደወትሮው ነው። «ደግሞ ተራ አይሰጥም ያልከው አንተ ነህ። ትክክል ነበርክ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወጥቼ በጭቃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ጀልባዋን እኔ ጭኜ ልሂድ ብዬ አሰብኩ፤ የእኔን የሚያህል ከባድ መኪና በዚያ መንገድ ግማሽ ሳይደርስ ይሰምጣል። ተራዬን ልስጥ ብል በገዛ አፌ የዘጋሁት በር ነው። አርባ ሊትርም ብቻዋን አታደርሰውም። ከመኪናዬ ኋላ ቆሜ ባዶ ተሳቢዬን ሳይ፣ ዓይኔ ሰሌዳው ላይ አረፈ።

መመሪያው የሚለው በሰሌዳ ነው። ደብተሩ የሚለው ሞተርና ተሳቢ አንድ ተራ ነው። ታዲያ የእኔን ተሳቢ ሌላ ሞተር ቢጎትተውስ?

ጋሽ ታደሰን ልጠራ ሮጥኩ። ጋሽ ታደሰ ከወረፋው ሰው ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ባቡር ላይ ሠርተው፣ ባቡሩ ሲቀር ወደ መኪና የዞሩ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው። ያን ቀን ሁለተኛ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጥር ላይ ሞተርዎ የተበላሸ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው። «ተሳቢዎን የሰው ሞተር ጎትቶት ገባ። ሐጀራ ከሁለቱ ሰሌዳ አንዱ ካለ ተራው አለ ብላ አሳለፈችዎት።»

«ትዝ ይለኛል» አሉ። «አንተ ደግሞ ሌባ ብለኸኛል።»

«ብያለሁ። ይቅርታ። አሁን ግን ያው ይደረግልኝ።»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሌሎቹም ተሰበሰቡ። ተሳቢዬን ፈትቼ ሱፍያን ያስረዋል። በአንደኛው ተራ ይገባል። አርባ በራሱ ሰሌዳ፣ አርባ በተሳቢው ሰሌዳ፤ ሰማንያ ሊትር መሄጃም መመለሻም ይሆነዋል። ከእኔ በቀር አንድ ሊትር የሚጎድልበት ሰው የለም። ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ደብተሩ ነው የሚፈርደው» አሉ። «ሐጀራ ትበል።»

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሱቁ በር ላይ ወጥታ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ «ይሆናል» ብትል ማንም አይቃወማትም ነበር፣ እኔ ራሴ ነበርኩ ጠበቃዋ። ያን ቃል ልትል አፏን የከፈተች መሰለኝ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን ደብተሩ ውስጥ አድርጋ ለጋሽ ታደሰ ዘረጋችላቸው።

«እኔ በዚህ ላይ አልፈርድም» አለች። «ልጄ ናት እዚያ ያለችው።»

ከአቢና ከእኔ በቀር አብዛኛው ሰው የሰማው ያኔ ነው።

«ስለነገርኳችሁም እንዳታዝኑልኝ» አለች። «ደብተሩ የሚለውን ብቻ በሉ።» ይህን ብላ አስፋልቱን ተሻገረች። ማዶ፣ ገና በጀመረው ዝናብ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ማረሚያ ቤቱ አጥር አዙራ ቆመች፤ ፊታችንን አይታ እንዳትለምነን፣ እኛም ፊቷን አይተን እንዳናዝንላት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ደብተሩን በጥርሴ እይዘው ነበር። ሰው ማድነቅ የማይሆንልኝ እኔ፣ እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ፣ ይህችን ሴት ከልቤ አደነቅኳት።

ክርክሩ ረጅም አልነበረም፣ ቀላልም አልነበረም። አንዱ «ዛሬ እንዲህ ከሆነ ነገ ሰው ሁሉ ተሳቢ ሲያከራይ ይውላል» አለ። እውነቱን ነው። ጋሽ ታደሰ ትንሽ አሰቡና ፈረዱ።

«ጥር ወር ላይ የተፈረደው ሕግ ይጸናል፤ ከሁለቱ ሰሌዳ አንዱ ካለ ተራው አለ። ነገር ግን ተሳቢውን ለሌላ ሞተር የሰጠ ሰው ተራውም ሊትሩም አልቋል፤ ከመጨረሻ ይጀምራል። ይህ ከሆነ ማንም አይነግድበትም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ትስማማለህ?»

ቶሎ አልመለስኩም፤ ጀግና እንዳታደርጉኝ። ሞጆ ያለው ጭነት ዓይኔ ላይ ዞረ። አራት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ተኮራምቼ ያደርኩት ወገቤ ጮኸብኝ። ማዶ ያችን ሴት አየሁ፤ ሻሿ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል።

«እስማማለሁ» አልኩ።

ቦቴው ከአምስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ደረሰ። እስኪራገፍ ድረስ እኛ ሥራችንን ያዝን። ተሳቢዬን ፈትቼ ሞተሬን ወደ ፊት አወጣሁ፤ ሱፍያን የኋሊት ገባ። የጀልባዋ ጭራ ከአይሱዙው አልፎ ተሳቢው ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ተጋድሜ መንጠቆውን ሳገጣጥም ቀዩ ቀለም ጸጉሬ ላይ ተንጠባጠበ። የፍሬኑ የአየር ቱቦ አጠረ፤ ጋሽ ታደሰ ከራሳቸው መኪና ፈትተው ሰጡን። ግማሹ ሾፌር ይገፋል፣ ግማሹ «ግራ! ቀኝ! ቁም!» እያለ ይጮሃል። እንደዚያ የተስማማ ወረፋ አይቼ አላውቅም።

ፖሊሱ መጣ። ጀልባዋን አየ፣ ተሳቢውን አየ፣ ግድግዳው ጋ ሄዶ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ሰሌዳ ነው የሚለው» አለ በመጨረሻ። «ይኸ ሰሌዳ ነው። ይኸም ሰሌዳ ነው። ቅዳለት።»

አቢ የመጀመሪያውን አስገባ፤ አርባ። ሁለተኛውን አስገባ። ሲስተሙ ትንሽ አሰበ፣ ለእኔ አንድ ዓመት መሰለኝ፤ ከዚያ አርባ ፈቀደ። ሱፍያን በቴሌብር ከፍሎ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወጣና ተሳቢውን ዳር ላይ ፈታልኝ፤ ተሳቢ ድልድዩን አያልፍማ። አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጀልባዋ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ታጠፈች። የወረፋው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ነፋላት።

ሐጀራ ተመልሳ መጣች። ጋሽ ታደሰ ደብተሩን ሲመልሱላት የፈረዱትን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ከደቂቃ ሳታሳልፍ፣ ስም መጥራት ጀመረች። በመጨረሻው መስመር ላይ ማስመሪያዋን አስቀምጣ ጻፈችና ጠራችኝ።

«አርባ ስምንት፣ ተስፋሚካኤል።»

«አለሁ» አልኩ።

አመሰግናለሁ አላለችኝም። ዓይኔን እንኳ አላየችም። ካየችኝ እንደምታለቅስ፣ አርባ ስምንተኛ አድርጋ መጻፍ እንደሚያቅታት ገባኝና እኔም ወደ ሌላ ዞርኩ።

የወረፋው ሺህ ሊትር ከሰዓት በኋላ አለቀ። የደረሳቸው ቀድተው ሄዱ። ጋሽ ታደሰ ሰማንያ ሊትራቸውን ቀድተው ሲያበቁ መኪናቸውን ዳር አቁመው ተመለሱ። «ወሬውን ሳልሰማ አልሄድም» አሉ። ሐጀራ ውሃና ብስኩት ትሸጣለች፣ መልስ ትቆጥራለች፤ ስልኳ ግን ባንኮኒው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስም ጠራች፤ ድምጿ አንዴ ብቻ ተቆረጠ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሱፍያን ጋ ብትደውል ኔትወርክ የለም ትላለች የስልኳ ሴትዮ።

ከአሥራ ሁለት ተኩል ጥቂት ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። ሱፍያን ነው። ሐጀራ ስልኩን ወደ አቢ ገፋችው፤ አቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘላት።

«ወጥተዋል እትዬ! ሁሉም ወጥተዋል፤ ሠላሳ አንዱም!» ከኋላው ሰው ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። «አምስት ጊዜ ነው የተመላለስነው። አራሶቹን አስቀደምን።»

ወረፋው በጩኸት ተናወጠ። አንዱ አቀፈኝ፤ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሐጀራ እጇን ዘርግታ ዝም አስባለችን።

«ሒክማስ?» አለች።

«ደህና ናት። እዚህ አጠገቤ ናት፣ ረጥባ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ደህና ናት።» አለ ሱፍያን። «በመጨረሻው ዙር ነው የወጣችው እትዬ። በመጀመሪያው ግቢ ብለን ለመንናት፣ እናትሽ ቃሊቲ ሆና እየጠበቀችሽ ነው አልናት፣ ተቆጣናት። የመጨረሻው በሽተኛ ሳይወጣ እግሬን አላነሳም አለች። ስንመለስላት ውሃው ወገቧ ደርሶ፣ የበሩን መቃን ይዛ ነው ያገኘናት።»

ሐጀራ እኔ ስቀመጥበት በዋልኩት ሳጥን ላይ ዘፍ አለች። ፊቷ ተቀያየረ። ያን ሁሉ ወር ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰምተናት አናውቅም፤ አሁን ግን ስልኩን ከአቢ እጅ ነጥቃ፣ እንባዋ እየወረደ፣ የማደያው ጣሪያ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«አንድ ልጅ እኮ ናት ያለችኝ! ይህቺን ልጅ ማነው እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት? ማነው?»

ሠላሳ የምንሆን ሾፌሮች ከበናት ቆመናል። ሁላችንም የምናየው እሷኑ ነበር።